ቀለሙ ተቀየረ ብላችሁ አትቁሙ ልጆቼ

ልጆቼ፣ እኔ ደሴ ራጅና ሲቲ ሳነብ ነው ያረጀሁት። ሰሞኑን ኬሚስትሪ የሚማር የእህቴ ልጅ መጥቶ ቡናው አቦል ላይ እያለ ከስልኩ ፎቶ አሳየኝ፣ በቅጠል ጭማቂ የሰራው የወርቅ ናኖፓርቲክል ነው፣ ቢጫው ውሃ ቀይ ሆኗል። ከልቤ ደስ አለኝ። ግን ይሄ ነገር ደም ውስጥ ሲገባ የት ይሄዳል ስለው ዝም አለ፣ ናኖፓርቲክል ለምትሰሩ ለናንተም የምጽፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ካንሰርን በናኖፓርቲክል የማየትና የማከም ሀሳቡ እኮ ያምራል። ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው) የሆነች ቅንጣት ላይዋ ላይ ካንሰሩን የሚያውቅ አንቲቦዲ ይለጠፍባታል፣ የብረት ኦክሳይድ ከሆነች በኤምአርአይ ትታያለች፣ ወርቅ ከሆነች በሌዘር ሞቃ እጢውን ታቃጥላለች፣ ማየቱም ማከሙም ባንድ እቃ ማለት ነው። መንገዱ ነው ችግሩ። ከኮምቦልቻ ደሴ እቃ ልካችሁ ሐረጎ ላይ ኬላ ቢይዘው በሉት፣ ጉበትና ጣፊያ እንደዛ ናቸው፣ ከ6 ናኖሜትር ገደማ ያነሰችውን ደሞ ኩላሊት በሽንት ያስወጣታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ አንድ ግምገማ የ10 ዓመት የእንስሳት ጥናቶችን ሰብስቦ ሲያይ እጢው ጋ የደረሰው በሜዲያን (በመሃለኛው ቁጥር) 0.7 በመቶ ብቻ ነው፣ ከ1000 ቅንጣት 7 ማለት ነው። 993ቱስ?

ካመታት በፊት ከወረባቦ የመጡ ኩላሊታቸው የደከመ አባት ነበሩ፣ ኮንትራስት፣ ምስሉን የሚያጎላውን መድኃኒት፣ ልንሰጣቸው ስንወያይ ሰሙንና "ልጄ የገባው ይወጣል ወይ?" አሉኝ። አልሰጠናቸውም። ጥያቄያቸው ግን እስከዛሬ አብሮኝ አለ።

ፌሩሞክሲቶል የሚባለውን የብረት ኦክሳይድ ናኖፓርቲክል መድኃኒት የምወደው ለዚህ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ የጸደቀው ኩላሊታቸው ለታመመ ሰዎች የደም ማነስ ነው፣ ጉበት ሲይዘው ይፈርስና ብረቱ ለደም ይውላል፣ ሐኪሞች ለኤምአርአይም ይጠቀሙበታል። ከባድ አለርጂ ሊያስነሳ ስለሚችል ግን ቀስ ተብሎ፣ ሰው ቆሞ እያየ ነው የሚሰጠው። ኳንተም ዶት የሚባለው ሌላው ናኖ ቅንጣት እ.ኤ.አ. በ2023 ኖቤል አስገኝቷል፣ ያበራል፣ ግን ካድሚየም የሚባል መርዛማ ብረት ያለበትን ለዛ አባት እሰጣለሁ ትላላችሁ?

እና ስትሰሩ መጠኑን በውሃ ውስጥ ብቻ አትለኩ፣ ሰረም (ደም ሲረጋ የሚለየው ፈሳሽ) ውስጥም ለኩት፣ ፕሮቲን ሲለጠፍበት ይተልቃል፣ ጉበትም የሚያየው ያንን ነው። የእህቴ ልጅ ትናንት ደውሎ ሰረም ከየት ላምጣ አለኝ፣ ቄራ ሂድና የበሬ ደም ለምነህ አምጣ፣ አስቀምጠው ሲረጋ ከላይ የሚቀረውን ጠራ ያለውን ውሰድ አልኩት።