ኩዌሪው ሳይሠራ አድሮ ማንቂያው ዝም ሲል

ጥያቄ፦ ፖስትግሬስ በተባለው ዳታቤዝ ላይ በየሌሊቱ በክሮን (ሥራዎችን በሰዓታቸው በሚያስጀምረው ፕሮግራም) የሚሄድ የሽያጭ ማጠቃለያ ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚሰጥ ትእዛዝ) አለኝ። ስክሪፕቱ ስህተት ሲያጋጥመው ኢሜይል እንዲልክልኝ አድርጌ ነበር። ሦስት ቀን ሳይሠራ ቆይቶ አንድም መልእክት አልደረሰኝም። ምን ጎደለ?

መልስ፦ መጀመሪያ ኢሜይሉ ለምን እንደቀረ እንይ። የፖስትግሬስ ትእዛዝ ማስኬጃ የሆነው ፒኤስኪውኤል (psql) ትእዛዞችን ከፋይል እያነበበ ሲያስኬድ አንዱ ቢሳሳት፣ ስህተቱን ጽፎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ፋይሉን ሲጨርስም ለስክሪፕቱ 0 ይመልሳል፤ 0 ደግሞ «ተሳክቷል» ማለት ነው። «ካልተሳካ ኢሜይል ላክ» የሚለው መስመርዎ የሚነሳበት ምክንያት አያገኝም። ኦን ኤረር ስቶፕ (ON_ERROR_STOP) የተባለውን የፒኤስኪውኤል ተለዋዋጭ 1 ያድርጉት፤ መጀመሪያው ስህተት ላይ ቆሞ 3 ይመልሳል። ግማሽ የተሠራ ማጠቃለያ እንዳይቀር ሲንግል ትራንዛክሽን (--single-transaction) የሚለውን አማራጭም ይጨምሩበት፤ ትእዛዞቹን በአንድ ትራንዛክሽን ያስራቸዋል፣ ማለትም ወይ ሁሉም ይጸናሉ ወይ አንዱም አይጸናም። ውጤቱን በፓይፕ (የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለሌላው በሚያቀብለው «|» ምልክት) ወደ ሎግ (የሥራው መዝገብ ፋይል) የሚያስተላልፉ ከሆነ፣ ስክሪፕቱን የሚያስኬደው ባሽ የሚያየው የመጨረሻውን ትእዛዝ ኮድ ብቻ ስለሆነ 3ቱ መንገድ ላይ ይጠፋል። ስክሪፕቱ አናት ላይ ፓይፕፌይልን (set -o pipefail) ያብሩ፤ ያኔ 3ቱ አይጠፋም።

ይህ ግን የችግሩን ግማሽ ብቻ ይዘጋል። ሰርቨሩ ጠፍቶ ቢያድር፣ ክሮን ቢቆም፣ ወይም አንድ ሰው መስመሩን ለጊዜው ዘግቶ ቢረሳው ስህተት የሚባል ነገር አይፈጠርም፤ ያልተጀመረ ሥራ አይሳሳትም። ስለዚህ ስኬቱን ይጠብቁ፤ በሰዓቱ ካልመጣ ማንቂያው ይጩህ።

የሥራው ስም፣ የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት፣ የገቡት ረድፎች ብዛት የሚመዘገብበት ትንሽ ሠንጠረዥ ያዘጋጁ። የፋይሉ የመጨረሻ ትእዛዝ፣ በዚያው ትራንዛክሽን ውስጥ፣ አንድ ረድፍ ይጻፍበት፤ ሥራው ከወደቀ ምዝገባውም አብሮ ይቀራል። ያለቀበትን ሰዓት በናው (now()) አይውሰዱ። ፖስትግሬስ ላይ ናው የሚሰጠው ትራንዛክሽኑ የተጀመረበትን ሰዓት ስለሆነ፣ ሥራው ሁልጊዜ በዜሮ ሰከንድ ያለቀ ይመስላል። ክሎክ ታይምስታምፕን (clock_timestamp()) ይጠቀሙ።

ከዚያ በየ10 ደቂቃው «ከመጨረሻው ስኬት ወዲህ ስንት ሰዓት ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ ተቆጣጣሪ ሌላ ማሽን ላይ ያስቀምጡ። እዚያው ሰርቨር ላይ ከሆነ አብሮ ይወድቃል። በቀን አንድ ጊዜ ለሚሄድና 20 ደቂቃ ገደማ ለሚፈጅ ሥራ 25 ሰዓት ጥሩ የገደብ መነሻ ነው፤ ድፍን 24 ካደረጉት ሥራው ጥቂት በዘገየ ቁጥር በከንቱ ይቀሰቅስዎታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ሥራው አንዴም ተሳክቶ የማያውቅ ከሆነ የሚመጣው መልስ ነል (NULL)፣ ማለትም «ዋጋ የለም» ነው፤ ነል ደግሞ ከ25 ሰዓት ይበልጥ እንደሆነ ቢጠየቅ «አዎ» አይልም፣ ማንቂያውም ዝም ይላል። ነልን እንደ መዘግየት ይቁጠሩት። ተቆጣጣሪው ዳታቤዙን ማግኘት ካልቻለም ያው ማንቂያ ይላክ።

የረድፎቹን ብዛት ያስመዘገብነው በከንቱ አይደለም፦ ምንጩ ሠንጠረዥ ባዶ ከሆነ ኩዌሪው ያለ ስህተት ያልቅና 0 ረድፍ ያስገባል። ሽያጭ በማይቀርበት ቀን 0 ከመጣ ያስጠንቅቅዎ። ለቆይታውም ስቴትመንት ታይምአውትን (አንድ ትእዛዝ ሊቆይ የሚችልበትን ከፍተኛ ጊዜ) ከተለመደው ጊዜ ሦስት እጥፍ ያህል አድርገው ይወስኑለት፤ ሎክ ላይ (ሌላ ሥራ የያዘውን ሠንጠረዥ እየጠበቀ) ተጣብቆ የሚያድር ሥራ ያኔ በስህተት ይቆማል፣ ኢሜይሉም ይወጣል።

መልእክቱ ውስጥ የሥራው ስም፣ የመጨረሻው ስኬት ሰዓትና የሎጉ ቦታ ይግቡ። ችግሩ ሲጀምር አንዴ፣ ሲፈታ አንዴ ይበቃል፤ በየ10 ደቂቃው የሚደጋገም መልእክት ማንም አያነበውም።

ሲጨርሱ ሆን ብለው ይስበሩት። በሙከራ ቅጂ ላይ የሌለ ሠንጠረዥ ስም ጽፈው ያስኪዱ፤ ኢሜይሉ መምጣት አለበት። ቀጥሎ የክሮኑን መስመር ዘግተው ገደቡን ለጊዜው ወደ 5 ደቂቃ ያውርዱ። ሁለቱም መልእክቶች ስልክዎ ላይ ከደረሱ በኋላ መስመሩን መክፈትና ገደቡን ወደ 25 ሰዓት መመለስ እንዳይረሱ።