መልስ፦ በእርሳስ ወታደሮቹ እግር ላይ ስለታየው ነጭ ዱቄት

ጠያቂያችን፣ ለንደን ውስጥ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዟቸው፣ እርሳስ ከተባለው ብረት የተሠሩ የአሻንጉሊት ወታደሮች እግራቸው ነጭ ዱቄት እንዳወጣና አጥበው አዲስ ቀለም ሊቀቧቸው እንዳሰቡ ጽፈዋል። እባክዎ ቀለሙን አይንኩት! የተፋፋቀ የፋብሪካ ቀለም ለሰብሳቢ ከአዲስ ቅብ እጅግ ይበልጣል።

ዱቄቱ የእርሳስ ዝገት ነው። ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ማስቀመጫው ራሱ ነው፤ እንደ ኦክ ያለ እንጨትና ርካሽ ካርቶን የሚያወጡት የአሴቲክ አሲድ ትነት እርሳሱን ይበላዋል። ዛሬውኑ አውጥተው ደረቅና አየር በሚገባበት የብረትና የመስታወት መደርደሪያ ላይ ያኑሯቸው። ዱቄቱ መርዛማ ስለሆነ ጓንት ያድርጉ፣ ከልጆችም ያርቁት። መጀመሪያ የተሸጡበት ቀይ ሣጥን ካለ አይጣሉት፤ ዋጋ ይጨምራል፤ ግን ለብቻው ይቀመጥ።

የብሪቴንስ (የታወቀው የእንግሊዝ አሻንጉሊት ሠሪ ኩባንያ) ሥራ መሆናቸውን ለመለየት መጀመሪያ በእጅዎ ይመዝኗቸው። ኩባንያው በ1893 እ.ኤ.አ. የጀመረው ዘዴ የቀለጠው እርሳስ በቅርጹ ዳር ሲረጋ መሃሉን መልሶ ማፍሰስ ነበር፤ ስለዚህ ውስጣቸው ባዶ፣ ክብደታቸው ቀላል ነው። ድፍኖቹን የጀርመን አሻንጉሊት ወታደሮች በዋጋ ያሸነፉትም በዚሁ ነው። የእግረኛው ቁመት 54 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በብዙዎቹ መቆሚያ ሥር የኩባንያው ስም ይገኛል።

እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው በ1930ዎቹ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ የወጣውን የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ዘበኞች ስብስብ ነው። በባዶ እግራቸው፣ ጠመንጃቸውን ይዘው ቆመዋል። በሣጥንዎ ውስጥ እንዲህ ያለ ካለ እባክዎ ፎቶውን ያሳዩን።