በፓተርን የሰፋሽው ጉርድ ለምን ጠበበ?

በፓተርን፣ ማለትም ጨርቅ በሚቆረጥበት የወረቀት ልክ፣ ሱቅ የምትገዢውን ቁጥር መርጠሽ ቆረጥሽ፤ ጉርዱ ግን ዳሌሽ ላይ አላልፍ አለ። አይዞሽ፣ ችግሩ ስፌትሽ አይደለም። የፓተርን ቁጥር ከሱቅ ልብስ ቁጥር ጋር ብዙ ጊዜ አይገናኝም። ወገብሽንና ዳሌሽን በሜትር ለኪና ከፓተርኑ ሰንጠረዥ ጋር አስተያዪ። ለጠባብ ጉርድ ዳሌሽን የሚይዘውን ቁጥር ውሰጂ። ወገቡን በኋላ ማጥበብ ይቻላል፤ ጠቦ የተቆረጠ ጨርቅ ግን ወርዱ አይጨምርም።

የስፌት ትርፉን፣ ማለትም ከስፌቱ መስመር ውጪ የሚተወውን ጨርቅም እዪ። ብዙ ፓተርኖች 1.5 ሴንቲ ሜትር ጨምረው ይመጣሉ፣ አንዳንዶቹ ግን ምንም የላቸውም። እኔ ይህን ሳላይ ቆርጬ አንድ ሙሉ ቀሚስ አበላሽቻለሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ወረቀቱ ላይ ያለው ረጅም ቀስት ከጨርቁ ያልተቆረጠ የፋብሪካ ዳር እኩል ይራቅ። በሁለቱም ጫፉ ለኪው። ከተዛነፈ ልብሱ ሲለበስ ይጠማዘዛል።

ደህናውን ጨርቅ ከመንካትሽ በፊት በአሮጌ አንሶላ ሞክሪው። በቀላሉ እንዲፈታ ረጃጅም እርምጃ ባለው ስፌት ስፊ፣ ልበሺው፣ የጠበበሽ ጎን ላይ ስፌቱን ፍቺ። 2 ሴንቲ ሜትር ከተከፈተ ከፊቱም ከኋላውም ወረቀት እዚያው ጎን ላይ 1፣ 1 ጨምሪ። ከዚያ ዋናውን ጨርቅ አጥበሽ፣ ተኩሰሽ ቁረጪ። አሁንም ከጠበበሽ ልኮችሽን ጻፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን።