ጥያቄና መልስ፦ ለማታ መስኖ ስንት ባትሪ ልግዛ?

ካረጁ የሶላር ባትሪዎች ጋር አንድ አዲስ ቀላቅዬ ልጠቀም ወይ ላሉ አንባቢ፦ አይቀላቅሉ፤ አሮጌዎቹ አዲሱንም ያደክሙታል።

አንድ አትክልት አምራች ሶላር አስተክለው በቀን 50 ሜትር ኩብ ውሃ ይስባሉ፤ ከጉድጓዱ ውሃ እስከ ማጠራቀሚያው አፍ ከፍታው 30 ሜትር ነው። ማሳቸውን የሚያጠጡት ማታ ስለሆነ ሻጩ ትልቅ ባትሪ ይግዙ ብሏቸዋል። ስንት ይበቃኛል ይላሉ።

እባክዎ ገንዘብዎን ገና አያውጡ። ማታ የሚያስፈልግዎ ኤሌክትሪክ ሳይሆን ውሃ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ሜትር ከፍ ለማድረግ 2.7 ዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ በእርስዎ ልክ ሲሰላ ወደ 4 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ፓምፑና ሞተሩ ግማሹን ቢያባክኑ 8 ይሆናል። ሊድ አሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች ማውረድ ስለማይገባ፣ ለ8ቱ ሲሉ የ16 ሊገዙ ነው፤ ከዓመታት በኋላም እንደገና። ይልቅ ፓምፑ ፀሐይ ሳለ ይሥራ፤ ማጠራቀሚያው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይሁን። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ያህል ግፊት ይሰጣል፤ ለጠብታ መስኖ ብዙ ጊዜ በቂ ነው። ለርጭት መስኖ ግን ያንሳል፤ ያኔ ስለ ባትሪ እናውራ፣ እሱም ለግፊቱ ብቻ።

ለወተት ማቀዝቀዣስ ስንት ባትሪ ልግዛ ብለው የጻፉልንም መልሳቸው ያው ነው። ቀን በሶላር በረዶ ይሥሩ። አንድ ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ 93 ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይወስዳል፤ ማታ የሚታለበውን ወተት ወደ 4 ዲግሪ የሚያወርደው እሱ ይሆናል። ለባትሪ የሚተወው ውሃና በረዶ የማይሸከሙት ነው፦ መብራት፣ መቆጣጠሪያ፣ የእንቁላል መፈልፈያ። መጠኑን ከሻጩ አፍ አይቀበሉ፤ በየመስመሩ ቆጣሪ አስገብተው ለጥቂት ሳምንታት ይመዝግቡ።

አንድ ዶሮ አርቢ፣ በጠራራ ፀሐይ መብራት ሲጠፋ ሶላሬ ለምን አብሮ ይጠፋል ብለዋል። ኢንቨርተርዎ፣ ማለትም የሶላሩን ኃይል ዕቃዎችዎ ወደሚሠሩበት ኤሌክትሪክ የሚለውጠው መሣሪያ፣ ከዋናው መስመር ጋር ብቻ የሚሠራ ዓይነት ነው፤ መስመር የሚጠግን ሠራተኛ በእርስዎ ኃይል እንዳይመታ ራሱን ያጠፋል። ከመስመሩ ተነጥሎ መሥራት የሚችል ኢንቨርተርና ባትሪ ያስፈልግዎታል፤ መጀመሪያ ማራገቢያዎቹን ያገናኙበት፣ ዶሮ ሙቀት አይችልም። የማራገቢያው ፍጥነት ወደ 80 በመቶ ዝቅ ሲል የሚወስደው ኃይል ወደ ግማሽ ስለሚወርድ፣ ፍጥነት መቀነሻ ቢያስገቡ ባትሪው ረጅም ሰዓት ይቆይልዎታል።

ሊድ አሲድ ባትሪዎቼ ድርቆሽ ከተከመረበት መጋዘን ውስጥ ናቸው፣ ችግር አለው ወይ ያሉም አሉ። አለው፣ ከባድ ችግር! ቻርጅ ሲደረጉ ሃይድሮጂን ይለቃሉ፤ ጋዙ ከተጠራቀመ በትንሽ ብልጭታ ይፈነዳል። ድርቆሹን ዛሬውኑ ያውጡ፣ መስኮቶቹን ይክፈቱ። ባትሪዎቹን ግን በእጅዎ አይፍቱ፤ ብርሃን እስካለ ድረስ ከሶላሩ በሚመጣው ሽቦ ውስጥ ኃይል አለ። ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይጥሩ። ይህን ለወጉ ያህል እየተናገርኩ አይደለም፤ ነገ ሳይሉ ይጥሩ።

በስልክ የሚታይ የኃይል መቆጣጠሪያ ሂሳብ ይቀንሳል? ማየቱ ብቻውን አይቀንስም። ፓምፑን፣ ወፍጮውንና ማቀዝቀዣውን ተራ አስይዞ የሚያበራና የሚያጠፋ ከሆነ፣ በተለይ ኤሌክትሪክ አቅራቢው ለከፍተኛ ጭነት፣ ማለትም ብዙ ዕቃ በአንዴ ሲበራ ለሚወስደው ኃይል፣ ለብቻው የሚያስከፍልዎ ከሆነ፣ አዎ። ዝርዝሩን መሣሪያውን የሚገጥምልዎን ባለሙያ ይጠይቁ።