የስኳር መድኃኒትና የእግር መደንዘዝ

ጥያቄ፦ እናቴ ለስኳር ሕመም ሜትፎርሚን መውሰድ ከጀመሩ 8 ዓመት አልፏቸዋል፤ ለጨጓራቸውም ኦሜፕራዞል ይውጣሉ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እግራቸው ይደነዝዛል። ጎረቤቶች «መድኃኒቱ ቫይታሚን ይጨርሳል፣ ይተዉት» ይሏቸዋል። እውነት ነውን? (አንባቢ፣ ከጅማ)

መልስ፦ ጎረቤቶች ከፊሉን እውነት ይዘዋል፤ ምክራቸው ግን አደገኛ ነው። ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12 ከትንሹ አንጀት የመጨረሻ ክፍል ወደ ደም እንዳይገባ ሊያውክ ይችላል፤ ኦሜፕራዞል ደግሞ ቫይታሚኑን ከምግብ ፕሮቲን የሚያላቅቀውን የጨጓራ አሲድ ስለሚቀንስ፣ ሁለቱ አብረው ሲወሰዱ የእጥረቱ ዕድል ከፍ ይላል። ጉበት ይህን ቫይታሚን ለዓመታት የሚበቃ አድርጎ ስለሚያከማች ጉድለቱ የሚታየው ዘግይቶ ነው። ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው በሥጋ፣ በዓሣ፣ በወተትና በእንቁላል በመሆኑ፣ እናትዎ አጽዋማትን የሚጾሙ ከሆነ (ሽሮውና ጎመኑ ለሌላው ቢጠቅሙም በዚህ ረገድ አይረዱም) ይህንንም ለሐኪም ይንገሩ።

የቢ12 እጥረት ነርቭን ጎድቶ እግርን ሊያደነዝዝ ይችላል፤ አስቸጋሪው ነገር ግን፣ የስኳር ሕመም ራሱ ነርቭን ጎድቶ ተመሳሳይ መደንዘዝ ማምጣቱ ነው። ስለዚህ ክትትላቸው በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልም ይሁን በጤና ጣቢያ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዘው ቀርበው ስለ ቢ12 የደም ምርመራ ይጠይቁ። ከመድኃኒት ቤት ፎሊክ አሲድ (ሌላ የቢ ቫይታሚን ዓይነት) ብቻ ገዝቶ መዋጥ ከቢ12 እጥረት የሚመጣውን የደም ማነስ ሊያሻሽል ቢችልም፣ የነርቭ ጉዳቱ ተሸፍኖ እንዲቀጥል ሊያደርግ ይችላል። እጥረቱ ከተረጋገጠ ቫይታሚኑ በመርፌ ወይም በሚዋጥ መልክ ይተካል፤ ሜትፎርሚኑም አብዛኛውን ጊዜ አይቋረጥም።