የጎረቤቴን ዶሮዎች የጠቆምኩት እኔ ነኝ

ጤና ይስጥልኝ፣

ይህን የምጽፍልዎ ለማንም መናገር ስላልቻልኩ ነው። ለባለቤቴ እንኳን አልነገርኩትም።

ከጎረቤቴ ጋር ዘጠኝ ዓመት በአንድ አጥር ተለያይተን ኖረናል። ልጆቻችን አብረው ነው ያደጉት። ቁልፍ ስረሳ እሷ ቤት ነው የምጠብቀው። ባለፈው ዓመት ጓሮዋ ውስጥ ዶሮ ማርባት ጀመረች። መጀመሪያ ሦስት ነበሩ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ልጄ በአጥሩ ቀዳዳ እያየች ስም አወጣችላቸው። ከዚያ ጫጩቶች ተጨመሩ። አሁን ሰባት እንቁላል ጣዮችና አንድ አውራ ዶሮ አሏት። አውራውም ጫጩት ሳለ ሴት ነው ተብሎ የተገዛ ነው።

የዶሮ ቤቱ ከመኝታ ቤቴ መስኮት ሁለት እርምጃ ቢርቅ ነው። አውራው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ይጀምራል። እኔ የምሠራው በፈረቃ ነው፤ አንዳንድ ቀን ቤት የምገባው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ዝናብ ከጣለ ሽታው መስኮት አያስከፍትም። ከሁለት ወር በፊት ደግሞ ኩሽናዬ ውስጥ አይጥ አየሁ። እዚህ ቤት ውስጥ አይጥ አይቼ አላውቅም ነበር።

አንድ ጊዜ አንስቼባታለሁ። «አውራሽ ጎበዝ ነው፣ ሌሊት ሌሊት ይቀሰቅሰኛል» አልኳት። ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። በዚያው ቀረ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ግን እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ። ስልኬን አነሳሁና ለአካባቢው አስተዳደር ጠቆምኩ። ስሜን አልተናገርኩም። የሰፈራችን ደንብ ከአራት ዶሮ በላይ አይፈቅድም። አውራ ዶሮ ጭራሽ ክልክል ነው። የዶሮ ቤቱም ከጎረቤት ግድግዳ 5 ሜትር መራቅ አለበት። ከሳምንት በኋላ ሰዎች መጥተው አዩና ማስጠንቀቂያ ሰጧት። በ30 ቀን ውስጥ ካላስተካከለች ዶሮዎቹ በሙሉ ይነሳሉ።

ያን ዕለት ማታ እኔ ቤት መጥታ አለቀሰች። እንባዋን የጠረግኩላት እኔ ነኝ። «እኚያ ሽማግሌ ናቸው» አለችኝ። ፊት ለፊቷ የሚኖሩትን አዛውንት ማለቷ ነው። ዝምተኛ ናቸው፤ ከሰው ብዙም አይቀርቡም። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ዘግቷቸዋል። ሰላም የሚላቸው የለም። ትናንት ልጆች በራቸው ላይ ጭቃ ወረወሩ።

አሁን ጎረቤቴ ደንቡ እንዲሻር አቤቱታ ጽፋ ፊርማ እያሰባሰበች ነው። «ፈረንሳይ አገር እኮ አውራ ዶሮ ተከሶ ረትቷል» ትላለች። የመጀመሪያውን መስመር «የአንቺ ነው» ብላ ባዶ ትታልኛለች። ወረቀቱ እኔ ጋ ነው።

ልፈርም? ልንገራት? ወይስ ዝም ብል ይሻላል?

እንቅልፍ ያጣሁት

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሁልጊዜ የሚያቆመኝ ያ ጭቃ የተወረወረበት በር ነው።

መልሴን መጀመሪያ ልንገርሽ። ሂጂና ንገሪያት። ቤቷ ሄደሽ፣ ብቻዋን አግኝተሽ። ነገሩ በአንቺና በእሷ መካከል ብቻ ቢሆን ኖሮ «እስቲ ትንሽ ቆዪ፣ አስቢበት» እልሽ ነበር። አሁን ግን የዝምታሽን ዋጋ የሚከፍሉት ሌላ ሰው ናቸው። ያላደረጉትን ነገር ተሸክመው በሰፈራቸው ባይተዋር ሆነዋል። ይህ አንድ ቀንም ማደር የለበትም።

ይህን ስል ቅሬታሽ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። አውራ ዶሮ በቅርብ ሲለካ ጩኸቱ ከ100 ዴሲቤል ያልፋል። ደግሞ ጎህ ሲቀድ አይቶ ብቻ አይደለም የሚጮኸው። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳሳዩት፣ ቀን ከሌሊት በማይለይበት ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ የቆዩ አውራዎችም ሰዓታቸውን ጠብቀው ይጮሃሉ። ሰዓቱ ያለው ሰውነታቸው ውስጥ ነው። ስለዚህ ቤቱን ማጨለም ትንሽ ቢያግዝ ነው እንጂ አያስቀረውም። ሽታውም እውነት ነው። አንዲት ዶሮ በቀን ከ100 ግራም በላይ ኩስ ትጥላለች። ስምንት ሲሆኑ በሳምንት ከ5 ኪሎ ይበልጣል፤ ያ ሁሉ በመስኮትሽ ሥር። በፈረቃ ለሚሠራ ሰው እንቅልፍ ቅንጦት አይደለም። መብትሽ ነው።

አንድ ነገር ግን አልተደረገም። አልነገርሻትም። «አውራሽ ጎበዝ ነው» ብለሽ ስትስቂ እሷ የሰማችው ምስጋና ነው። ስለ ሽታው አልሰማችም። ስለ አይጡ አልሰማችም። ዘጠኝ ዓመት ቁልፍ ሲጠፋ ከምትጠብቂበት ቤት ይልቅ ስልኩ ቀለለሽ። ይገባኛል። የምንወደውን ሰው ፊት ለፊት መውቀስ ይከብዳል፤ የማናውቀው ሰው ቢነግርልን እንመርጣለን። እሷን የሚያማት ግን ከማስጠንቀቂያው ይልቅ ይሄኛው ነው። ተዘጋጂበት።

ስትነግሪያት አታስረዝሚ። «የጠቆምኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ላንቺ መናገር ነበረብኝ፤ አልደፈርኩም። ይቅርታ አድርጊልኝ» በቂ ነው። ደንቡን አትጥቀሺ። «ልክ ነበርኩ እኮ» አትበይ። ልትጮህብሽ ትችላለች። በሩን ልትዘጋብሽም ትችላለች። ያን ዕለት እንባዋን እየጠረግሽ ዝም ማለትሽን ካነሳችብሽ መልስ አትፈልጊለት፤ መልስ የለውም። ጩኸቱን ተቀብለሽ ተመለሺ። ከሁለት ቀን በኋላ እንደገና አንኳኪ።

ሁለተኛ ስትሄጂ ባዶ እጅሽን አትሂጂ፤ ሥራ ይዘሽ ሂጂ። ከ30ው ቀን ግማሽ ያህሉ አልቋል።

አውራው መሄድ አለበት። ይህ አያከራክርም፤ ደንቡም ይከለክለዋል፣ አንቺም አትተኚም። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ የአንድ ቀን ጫጩት ወንድ ይሁን ሴት ለመለየት የሰለጠነ ዓይን ይጠይቃል። ብዙ ሰው ደግሞ አውራ ከሌለ እንቁላል የለም ብሎ ያስባል። ዶሮዎቹ ያለ አውራም ይጥላሉ፤ እሱ የሚያስፈልገው ጫጩት ለማስፈልፈል ብቻ ነው። እንቁላል ጣይዋ ጥላ ስታሽካካ ድምጿ የሰው ወግ ያህል ነው፤ ለዚያውም በቀን። አውራ የሚቀበል ሰው ማግኘት ግን ቀላል አይደለም፤ ሁሉም ሰው የሚያወጣው እሱን ነውና። ከሰፈር ራቅ ብሎ ሰፊ ግቢ ያለው ሰው አብረሻት ፈልጊ። ስልኩን አንቺ ደውዪ።

ከሰባቱ ሦስቱም መሄድ አለባቸው። ተለያይተው ባይሄዱ ጥሩ ነው። ዶሮዎች መካከል የበላይና የበታች አለ፤ ብቻዋን አዲስ ቤት የገባች ዶሮ ትነከሳለች። ሦስቱ አብረው ከሄዱ ይቀልላቸዋል። የሚቀሩት አራቱ ደግሞ ለአንድ መንጋ ይበቃሉ። ልጅሽ ስም ያወጣችላቸው ሦስቱ ከሚቀሩት ውስጥ ይሁኑ።

ሽታው በእጃችሁ ነው። ደረቅ ኩስ ብዙም አይሸትም፤ አሞኒያ የሚያወጣው ሲረጥብ ነው። ጣሪያው ዝናብ እንዳያስገባ ይደረግ። ወለሉ ላይ ደረቅ ሰጋቱራ ወይም ጭድ ወፈር ተደርጎ ይነጠፍ፤ ከቆጡ ሥር ያለው ቶሎ ቶሎ ይነሳ። ለጓሮ አትክልት የሚፈለግ ከሆነ ከቅጠልና ከጭድ ጋር ተከምሮ ወራት መቆየት አለበት። ትኩሱ ተክሉን ያቃጥለዋል፤ በሽታም ያስተላልፋል።

አይጡን የጠሩት ዶሮዎቹ ሳይሆኑ መኖው ነው። አንዲት ዶሮ በቀን ከ100 እስከ 120 ግራም ትበላለች። ከዚያ በላይ የተደፋው ለአይጥ የተዘጋጀ እራት ነው። ማታ መኖው ይነሳ፣ ክዳን ባለው የብረት በርሜል ይቀመጥ። የተለመደው የዶሮ ሽቦ ዶሮን ያስቀራል እንጂ አይጥን አያስቀርም፤ ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ሽቦ ያስፈልጋል። የሽቦውን ወጪ ብትጋሪያት ደስ ይለኛል። የሚጠብቀው ያንቺንም ኩሽና ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። እንደተጻፈ አትፈርሚ። ደንቡ ይሻር ካለ አውራውም ቁጥሩም ይለቀቃል ማለት ነው፤ አንቺ በዚያ አታምኚም። የማታምኝበት ወረቀት ላይ ለይሉኝታ ብለሽ ብትፈርሚ ሁለተኛ መደበቅ ነው። የፈረንሳዩ ታሪክ እውነት ነው። ሞሪስ የሚባል አውራ ዶሮ ኦሌሮን ደሴት ላይ ጎረቤት ከሶት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ፍርድ ቤቱ ለባለቤቱ ፈረደ። በ2021ም የገጠርን ድምፅና ሽታ የሚጠብቅ ሕግ ወጣ። ግን ያ ሕግ የገጠር ነው። መስኮት ከመስኮት በሚተያይበት ሰፈር ጋሻ አይሆናትም።

ደንባችሁ ውስጥ ግን እኔም ቅር የሚለኝ ነገር አለ፤ 5 ሜትሩ። ጠባብ ጓሮ ላለው ሰው ይህ «ይፈቀዳል» እያሉ መከልከል ነው። አቤቱታው በዚህ ላይ ቢሆን ያስኬዳል። ርቀቱ የማይበቃ ከሆነ፣ የቅርቡ ጎረቤት በጽሑፍ ከተስማማ ይፈቀድ ብላችሁ ጠይቁ። እንዲህ ያለ ደንብ ያላቸው ከተሞች አሉ። የቁጥሩ ገደብና የአውራው ክልከላ እንዳሉ ይቆዩ፤ ቤቱም ጓሮው እስከፈቀደ ድረስ ከመስኮትሽ ይራቅ። መልስ እስኪመጣ ጊዜው እንዳያልፍ ደግሞ፣ የማስተካከያ ቀን እንዲራዘምላት አሁኑኑ በጽሑፍ ታመልክት። አውራውን አውጥታ፣ ቁጥሩን ቀንሳ ብትቀርብ ልመናዋ ክብደት ይኖረዋል።

የቅርቡ ጎረቤት ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ያ የመጀመሪያ መስመር ያኔ በእርግጥ የአንቺ ይሆናል።

ከፊርማው በፊት ግን ሁለታችሁም ወደ አዛውንቱ ሂዱ። እሷ ከምትነግራቸው አንቺ ብትነግሪያቸው ይሻላል፤ እሷ ደግሞ ይቅርታ ትጠይቅ። ለሰፈሩም «እሳቸው አይደሉም» የምትለው እሷ ትሁን፤ ወሬው የጀመረው ከእሷ ነው። ጭቃ የወረወሩት ልጆች የማን እንደሆኑ አልጻፍሽልኝም። የእናንተም ባይሆኑ፣ ውሃና ጨርቅ ይዛችሁ በሩን እጠቡላቸው።