ኮዲን፣ ቀይ አፈርና የላሚቱ ደም

ስለ ዘረመል ምርምር ወሬው ብዙ ነው። እኔ ግን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ውጤቱ ነገ የማደርገውን ይለውጠዋል ወይ? ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አምስቱን በዚሁ ዓይን አየኋቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። የሁለት ወር ልጄን አጠባለሁ። ጥርሴን ሳስነቅል ኮዲን ያለበት ታይለኖል ታዘዘልኝ። ጓደኛዬ «ለአበሻ ኮዲን አይሆንም» ብላ አስፈራራችኝ። እውነቷን ነው?

መልስ፦ ትንሽ አጋነነች እንጂ ከሜዳ ተነስታ አላወራችም። ኮዲን ራሱ ሕመም የማስታገስ አቅሙ ደካማ ነው። የሚሠራው ጉበት ውስጥ ሲዋይፒቱዲሲክስ የሚባል ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው። አብዛኛው ሰው የዚህ ኢንዛይም ጂን ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ አለው። አንዳንዱ ግን ሦስትና ከዚያም በላይ ይወርሳል። የእሱ ጉበት ኮዲኑን ቶሎ ብሎ ብዙ ሞርፊን ያደርገዋል፤ ሞርፊኑ ደግሞ ወደ ጡት ወተት ይገባል።

ተመራማሪዋ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ በ1996 ባወጡት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ ያህሉ ይህ ትርፍ ጂን ተገኝቶባቸዋል። በስዊድናውያን ዘንድ ቁጥሩ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። እዚያ ለሐኪሙ ብርቅ የሆነው ሰው፣ እኛ ዘንድ ጎረቤት ነው ማለት ነው።

የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2017 የሚያጠቡ እናቶች ኮዲንም ሆነ ትራማዶል እንዳይወስዱ መክሯል። ስለዚህ ክኒኑን ሳትጀምሪ ሐኪምሽ ጋ ደውዪና ማጥባትሽን ንገሪው። ተራው ታይለኖል ወይም አይቡፕሮፊን አብዛኛውን ጊዜ ለምታጠባ እናት ይሆናል። ኮዲኑን ወስደሽ ከሆነ ደግሞ ሕፃኗን ተከታተዪ። ከወትሮዋ በላይ ከተኛች፣ መጥባት ካቃታት ወይም ትንፋሿ ካስቸገራት ወዲያው 911 ደውዪ። እስኪነጋ ልጠብቅ የሚባል ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ከምሥራቅ ጎጃም ነኝ። የእጮኛዬ እናት ሁለቱም እግራቸው አብጧል። ጤና ጣቢያ «ከአፈሩ የመጣ ዝሆኔ ነው» ብለዋቸዋል። ቤተሰቦቼ «በደማቸው ያለ ነው፣ ለልጆችህ ይተርፋል» ብለው ጋብቻውን እንቢ አሉ። ምን ትላለህ?

መልስ፦ ቤተሰቦችህ ግማሽ እውነት ይዘው ነው ሙሉ ፍርድ የሰጡት። ይህ በሽታ በሕክምናው ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው የደጋ ቀይ አፈር ደቃቅ ማዕድናት አሉት። እነሱ በባዶ እግር ቆዳ ዘልቀው ይገባሉ፤ በዓመታት ብዛት የሰውነትን ፈሳሽ የሚያመላልሱትን የሊምፍ ቧንቧዎች ይጎዱና እግር ያብጣል። ትንኝም ትልም የለበትም። ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም።

ታዲያ አንድ ማሳ ላይ በባዶ እግራቸው ካረሱ ሁለት ሰዎች አንዱ ታሞ ሌላው ለምን ይተርፋል? በወላይታ የታማሚዎችንና የጤነኞችን ዘረመል ያነጻጸረ ጥናት በ2012 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ ወጥቶ ነበር። ልዩነቱን ያገኘው ኤችኤልኤ በሚባሉት፣ ሰውነት ባዕድ ነገርን በሚለይባቸው ጂኖች አካባቢ ነው። ስለዚህ ተጋላጭነቱ ይወረሳል፤ በሽታው ግን ያለ አፈሩ አይመጣም። ልጆችህ መሄድ ከጀመሩበት ቀን አንስቶ ጫማ ካደረጉ፣ እግራቸው በየቀኑ ከታጠበ፣ የአያታቸው ሕመም አያገኛቸውም።

አማትህም ቢሆኑ ተስፋ አላቸው። በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ እብጠቱን ይቀንሰዋል። የገበያ ጫማ ስለማይገባቸው፣ ጥሎሹ ላይ በልካቸው የተሰፋ ሰፊ ጫማ ጨምርበት። ጋብቻውን የሚከለክል ነገር እኔ አልታየኝም።

ጥያቄ፦ ምራቄን ልኬ ዘሬን ማወቅ ያዋጣኛል?

መልስ፦ ለጨዋታ ከሆነ ግድ የለም። ጎጃሜ ነህ ወሎዬ ብሎ ይለይልኛል ካሉ ግን ገንዘብዎን ይያዙ። ምራቅ ተቀብሎ ዘር የሚመረምረው ኩባንያ ትወንቲስሪ ኤንድ ሚ በ2023 የ6.9 ሚሊዮን ያህል ደንበኞቹ መረጃ ተመንትፎበታል፤ በ2025 ደግሞ ለኪሳራ ፍርድ ቤት አመለከተ። የአሜሪካው የ2008 ሕግ በዘረመልዎ ምክንያት በጤና መድንና በሥራ ቅጥር አድልዎ እንዳይደረግብዎ ይከላከልልዎታል። የሕይወት መድንን ግን አይነካም።

ጥያቄ፦ ወፍጮ ቤት «ይሄ ነጭ ጤፍ ጂኤምኦ ነው» ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ጂኤምኦ የሚባለው ዘረመሉ በቤተ ሙከራ የተለወጠ ነው። ገበያውን የያዘውን ቁንጮ የተባለ የጤፍ ዝርያ እንይ። በ2006 ከደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል የወጣ ነው፤ ወላጆቹ ዱከምና ማኛ ይባላሉ። ከአንዱ ምርታማነቱን፣ ከሌላው ንጣቱን ወሰደ። የተዳቀለውም በእጅ ነው። የጤፍ አበባ ዓይን የማይሞላ፣ ጧት 1 ሰዓት ገደማ ለአፍታ ብቻ የሚከፈት ነገር ነው። ተመራማሪው ታረቀ በርሄ በ1970ዎቹ ይህችን ሰዓት እስኪያገኝ ድረስ ጤፍን ማዳቀል አልተቻለም ነበር።

የጤፍ ጂኖም፣ ማለትም ሙሉ ዘረመሉ፣ መጀመሪያ የተነበበው በ2014፣ ፀደይ ከሚባለው ዝርያ ነው። ጥቅሙም አዳቃዮች የሚፈልጉትን ጠባይ፣ ለምሳሌ ዝናብና ነፋስ የማይጥለውን አጭር አገዳ፣ ገና በቡቃያው እንዲለዩ ማገዙ ነው። ጂኤምኦ የሚያሳስበው ሰው ጥጡን ይጠይቅ፤ ኢትዮጵያ በ2018 ተባይን እንዲቋቋም ዘረመሉ የተለወጠውን ቢቲ ጥጥ ፈቅዳለች። ዱቄቱ ሩዝ ተቀላቅሎበት ከሆነ ደግሞ ያ የባለወፍጮው ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፦ ሱሉልታ ላይ «75 በመቶ የፈረንጅ ደም አላት» ተብዬ ላም ገዛሁ። ወተቷ ግን እንደተባለው አይደለም። ተታልዬ ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ሻጩም ላያውቅ ይችላል። ጥቁርና ነጭ መልክ ማስረጃ አይሆንም። ከክልስ ላም የተወለዱ እህትማማቾች እንኳ የደም ድርሻቸው ይለያያል። ትክክለኛውን ቁጥር የሚናገረው ዘረመሏ ነው። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ ኢልሪ፣ በኢትዮጵያና በታንዛኒያ በመራው ፕሮጀክት የአርሶ አደር ላሞችን ዘረመል ከወተት መዝገባቸው ጋር አስተያይቷል። የትውልድ መዝገብ በሌለበት አገር ጥሩ ኮርማ የሚመረጠው እንዲህ ነው።

የፈረንጅ ደም ሲበዛ መኖም ሕክምናም አብሮ ይበዛል። ስለዚህ በመቶኛው ከመጨቃጨቅዎ በፊት የምትበላውን ይዩ። የጧትና የማታ ወተቷን በሊትር እየለኩ ደብተር ላይ ያስፍሩ። አዳቃዩ ሲመጣም የኮርማውን ቁጥር ጠይቀው እዚያው ይጻፉት፤ አባለዘሩ ያለበት ቀጭን ቱቦ ላይ ታትሟል። ጥጃዋን የሚገዛዎት ሰው ስለ ደሟ ሲጠይቅ ደብተሩን ያሳዩታል፤ ዋጋውንም በዚያው ልክ ይጥሩ።